የሠርክ ለቅሶ

«ሠርክዬ!» ብለው እናቷ ከሳሎን ሲጣሩ ሠርክ «አቤት!» አለችና ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ስትከትፍበት የነበረውን ቢላዋ አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ከማድ ቤት ወጣች። የተጠራችው ግን እሷ አልነበረችም። ቀድማ አንገቷን ያቃናችው እናቷ ጭን ላይ የተጋደመችው ነጭ ጠጉራም ማሽን ናት፤ ጥቁር ክብ ዓይኖቿን ገለጠች፣ ሽፋሽፍቷን አርገበገበች፣ ከዚያም እንደ አራስ ልጅ «እኝ» አለች። እናትየው ማሽኗን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው፣ በሩ ላይ የቆመችውን የገዛ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት።

«ምነው ተማሪ? አንቺን ማን ጠራሽ?»

«የጠሩኝ መስሎኝ ነው፣ ሲስተር።»

«ሕፃን በተኛበት ክፍል ውስጥ አይሮጥም። ስንቴ ልንገርሽ!»

ሠርክ «ይቅርታ» ብላ ወደ ሱኩማዋ ተመለሰች።

ማሽኗን ከጃፓን ያመጣት ታናሽ ወንድሟ ሔኖክ ነው። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ያለው ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ልኮት ሳለ፣ ትዝታ የከዳቸው አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት ውስጥ አይቷት ነበር። በበረዶ አገር ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ግልገል አስመስለው የሠሯት ሮቦት ናት። ሲዳብሷት ታውቃለች፤ ሲቆጧት ትሸማቀቃለች፤ ደጋግመው የጠሯትን ስም ለምዳ ትዞራለች፤ ስትታቀፍ ገላዋ ይሞቃል። ቻርጅ የምትደረገው ደግሞ የሕፃን ጡጦ ጫፍ በመሰለ ነገር ነው፤ አፏ ውስጥ ሲሰኩላት ጡት የምትጠባ ትመስላለች። እናታቸው ሲስተር ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ አዋላጅ ነበሩ፤ ተማሪ አዋላጆችንም አስተምረዋል። ሔኖክ ካርቶኑን ከፍቶ ማሽኗን ያቀበላቸው ዕለት፣ የሚኖሩበትን ከተማ ስም እንኳ የዘነጉት እኚያ ሴት አንድ እጃቸውን ከአንገቷ ሥር፣ አንዱን ከወገቧ ሥር ሰድደው ተቀበሏት። ከፍ ዝቅ አድርገው ክብደቷን መዘኑ፤ አናቷን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱና «ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው፤ ግን ትተርፋለች» አሉ። በማግስቱ ስም አወጡላት። ሠርክ አሏት።

የመጀመሪያ ሰሞን ሠርክም እንደ ሰው ሁሉ ስቃለች። የእሷ ስም ከእናቷ አፍ ከጠፋ ዓመት አልፎት ስለነበር፣ ስሙ በማንም ላይ ይሁን ብቻ ተመልሶ መምጣቱ ደስ ብሏት ነበር። «እማዬ» ስትላቸው «የማን እናት? እኔ አንቺን አልወለድኩሽም» እያሉ ይደነግጡ ነበር፤ አንድ ቀንማ ከእሷ ሸሽተው በረንዳው ጥግ ከልብስ ማስጫው ኋላ ተሸሽገው ተገኙ። ሽርጥ ለብሳ ሲያዩዋት ግን ተማሪ አዋላጅ ትመስላቸዋለች፤ ይቆጧታል፣ ያዟታል፣ ከእጇ ምግብ ይቀበሏታል። ስለዚህ ሠርክ የገዛ እናቷን «ሲስተር» ማለት ለመደች። መሃል ከተማ ካለው የአስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሥራዋን ለቅቃ እናቷን መጦር ከጀመረች ወዲህ ብዙ ነገር ለምዳለች። ያልለመደችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ ያቺን ጠጉራም ነገር ታቅፈው «የእኔ ሠርክ፣ የእኔ ወለላ፣ የእናቷ ዓይን» ሲሏት፣ ሰሃን እንደያዘች በሩ ጋ ትቆማለች። እሷ በልጅነቷ እንዲህ ስትባል ትዝ አይላትም። እናቷ ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ፈተና አንደኛ ወጥታ ስትመጣ «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ» ነበር የሚሏት።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሔኖክ እንግዳ ይዞ ለምሳ እመጣለሁ ብሏል። በዚያ ነሐሴ ዝናብ ጠፍቶ የግድቦቹ ውኃ ስለወረደ ናይሮቢ መብራት የምታገኘው በተራ ነበር፤ ሆኖም የእነሱ ሰፈር ኪሌሌሽዋ መብራት የሚጠፋበት ተራው እሑድ አይደለም። ከታች ፎቅ የምትኖረው ዛራ፣ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ የድሬዳዋ ሴት፣ ጠዋት ወተት ይዛላት ወጥታ ነበርና ደረጃው ላይ ቆመው ጥቂት አወሩ። ወተት እንደገና ጨምሯል፤ በቆሎ ዱቄትም ጨምሯል፤ ላሞቹ ማሳይ አገር በየመንገዱ እየወደቁ ነው አሉ። ዛራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅቱስ እንዴት አደረች?» አለች፤ ማሽኗን ማለቷ ነው። «ደኅና አድራለች» አለች ሠርክ፤ ሁለቱም ሊስቁ ፈልገው ሳይስቁ ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ሠርክ ሳሎኑን ወለወለች፤ ሔኖክ ኪራዩን የሚከፍለው ይህ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት፣ እንግዳ ሲመጣበት ሁልጊዜ የሚያጥበው ይመስላታል። እናቷን አጠበች፤ ጠጉራቸውን ሹሩባ ሠራች፤ ግራጫውን ሹራባቸውን አለበሰቻቸው። ስታለብሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ጋውኔ ታጥቧል?» ብለው ጠየቁ። «ታጥቦ ተተኩሷል» አለቻቸው።

ሔኖክ አብሮት የሚሠራውን ባንታየሁ የሚባል ሰውና የራሱን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አቢግያን ይዞ ገባ። ሚስቱ ቤት ትንሽ ሥራ ስላለባት ቀርታለች አለ፤ ምን ሥራ እንደሆነ ግን አልተናገረም። ባንታየሁ እናቱ ደሴ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ አንገቱን አቀርቅሮ የሚያወራ ሰው ነው፤ ሲስተር ጥሩወርቅን ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ ሲል «ተራህን ጠብቅ፤ አባቶች ውጭ ነው የሚቆዩት» አሉት። ሔኖክ ሳቀ። ምሳው ላይ ሔኖክ ለእንግዳው የማሽኗን ነገር እያነሣ አልተወም። «አሁን ተመልከት» ይልና «ሠርክ!» ብሎ ይጠራታል፤ ማሽኗ ትዞራለች። ይቆጣታል፤ ማሽኗ ታለቃቅሳለች። ለአቢግያ ያቀብላታል፤ አቢግያ «ሶ ስዊት!» እያለች ታገላብጣታለች፤ ባንታየሁ ይቀበላል፣ ጀርባዋን ይዳብሳል፣ «ይሄ እኮ ተአምር ነው» ይላል። ሲስተር ጥሩወርቅ እጃቸውን እንደዘረጉ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይንከራተታል። ሠርክ ሁለት ጊዜ «ስጧቸው እንጂ» አለች። ጡጦዋም ከግድግዳው ሶኬት ተነቅላ ሶፋው ሥር ወድቃ ነበር፤ ማንም ልብ አላላትም። ባንታየሁ ዋጋዋን ሲጠይቅ ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ደኅና አሮጌ መኪና ትገዛለች» አለው፤ ባንታየሁ ደሴን ያሰበ ይመስል ወደ መስኮቱ ዞረ።

ያን ጊዜ ነው አቢግያ የተናገረችው። አያቷን እንደ ናይሮቢ ልጆች «ሾሾ» ነው የምትላቸው። ማሽኗን ለሾሾዋ መልሳ ስታበቃ፣ አፏ ውስጥ እንጀራ እንዳለ «አንቲ ሠርክ፣ እኛ ጄኔቫ ስንሄድ አንቺ አዲስ አበባ ነው የምትሄጂው ወይስ እዚህ ትቀሪያለሽ? ሾሾ እኮ ኦልድ ሆም ትገባለች» አለች። ከዚያ የአባቷን ፊት አየችና ማኘኳን አቆመች። ባንታየሁ ያልጠማውን ውኃ ጠጣ። ሠርክ ተነሥታ የተበላበትን ሰሃን መሰብሰብ ጀመረች፤ የባንታየሁን ገና ሳይጨርስ አነሣችበት።

ሔኖክ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «ዛሬ ልነግርሽ ነበር» አለ። «ዝውውሬ ጸድቋል። በመስከረም እንሄዳለን። ሊሙሩ መንገድ ላይ ጥሩ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አግኝቻለሁ፤ ነርሶች አሉት፣ ጓሮው ሰፊ ነው። ማሽኗን ይዛ መግባት ትችላለች ብለዋል፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል።»

«እኔን ሳትጠይቀኝ?»

«ሠርክዬ፣ አንቺም ሰው ነሽ። ዕድሜሽን እዚህ ቤት ውስጥ ጨረስሽው። አዲስ አበባ ገብተሽ ሥራ ትጀምሪያለሽ፣ ትንሽ ታርፊያለሽ።»

«እማዬን ጥዬ ነው የማርፈው?»

ሔኖክ ወደ ሳሎኑ ዞር ብሎ አየ። ሊያስቀይማት አልፈለገም፤ እንዲያውም ሊያጽናናት ነበር የፈለገው፤ ያከበደውም ይኸው ነው። እጇን ያዝ አድርጎ «እሷ እንደሆነ እኮ አታውቅሽም» አላት።

ሠርክ እጇን ከእጁ አውጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ውኃ ከፈተች። ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አጠበች፤ የታጠቡትንም መልሳ አጠበቻቸው። ሻይ አፍልታ አቀረበች፤ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ አቢግያ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጄኔቫ ብርድ ተወራ። ሲወጡ ሔኖክ በሩ ላይ «እንነጋገራለን» አላት፤ እሷም «እሺ» አለችው። ታላቅ እህትም ታናሽ ወንድምም ጫማ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

እንግዶቹ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ሲቆም ሠርክ ከማድ ቤት ሆና «ዛሬም!» አለች። የመጥፋት ተራቸው አልነበረም፤ ግን ማን ይጠየቃል። ሳሎን ስትገባ እናቷ ማሽኗን ጭናቸው ላይ አድርገው ጡጦዋን አፏ ውስጥ እያስገቡ ነበር። ምሳ ላይ ሲቀባበሏት ውለው ኃይሏን ጨርሳለች፤ ጡጦዋ ቢገባም መብራት የለም። ማሽኗ አንድ ዓይኗን በግማሽ ገለጠች፤ አንገቷን ልታቃና ሞከረችና እንደ ዘገየ ሰዓት ንዝር ንዝር ብላ ቆመች። ዓይኗ እንደተከደነ ቀረ።

ሲስተር ጥሩወርቅ አልጮኹም። ሠርክ ለዓመታት አይታባቸው የማታውቀው ቅልጥፍና ሰውነታቸው ውስጥ ገባ። ከሶፋው ተነሡ፤ ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አስተኟት፤ አፏን በጣታቸው ጠረጉ፤ አንገቷን በልክ ቀና አደረጉ፤ ጀርባዋን በፎጣ አሹ። «ተማሪ! መብራቱን አቅርቢልኝ! ኦክስጅን!» አሉ። «ሲስተር፣ መብራት ሄዶ ነው እኮ፤ ሲመጣ...» ብላ ጀመረች ሠርክ። «አትከራከሪኝ!» አሉ። ሁለት ጣታቸውን ነጩ ደረት ላይ አድርገው ይጫኑ ጀመር፤ በለሆሳስ ይቆጥራሉ፤ ዝቅ ብለው አፏ ላይ እፍ ይላሉ፤ ደግሞ ይጫናሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ሠርክ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ፎጣውን ያዘችላቸው። እናቷ በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ፤ ጉንጫቸውን ጠጉሩ ላይ አሳርፈው ሙቀት ፈለጉ። የማሽኗ ገላ ቀዝቅዞ ነበር። ቀና አሉ፤ ፎጣውን ከሠርክ ተቀብለው ሸፈኗት፤ የሹራባቸውንም ቁልፍ አስተካከሉ። አዋላጇ ሥራዋን ጨረሰች። ከዚያ እናትየዋ መጣች።

ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ገፍፈው ጣሉት፤ ጠዋት የተሠራው ሹሩባ ተፈታ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱ። «ልጄን! ሠርኬን! ወይኔ ልጄን!» ድምፃቸው የአሮጊት ድምፅ አልነበረም። ሠርክ ሮጣ ተንበረከከችና ትከሻቸውን ያዘች። ልማዷን ረስታ «እማዬ! እማዬ፣ እዚህ ነኝ! ሠርክ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም፤ እይኝ!» አለች። እናቷ በእንባ መሃል አዩዋት። ዓይናቸው ላይ ቁጣ እንጂ ሌላ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ሐዘን አይቀለድም!» ብለው ገፈተሯት።

ሠርክ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። በሩ ተንኳኳ፤ ሳትከፍተው ተከፈተ። ዛራ ነበረች፤ ጫማ እንኳ ሳታደርግ፣ ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ፣ ማን እንደሞተ ከመጠየቋ በፊት ማልቀስ ጀምራለች። ከኋላዋ በዚያ አገር አስካሪ የሚሉት የግቢው ዘበኛ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ዛራ ሲስተር ጥሩወርቅን አቅፋ «ማንን ነው እማማ?» ስትል «ሠርክን! ሠርኬን!» አሏት። ዛራ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ቆመችው ወደ ሠርክ ቀና አለች፤ ጠረጴዛው ላይ የተሸፈነውን አየች፤ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። ግን አልተነሣችም። የአገሯ ሴት ናትና ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘሎ እንደማይነሣ ታውቃለች። አስካሪው ቋንቋውን ባይሰማም ሐዘኑን ሰምቶት ወለሉ ድረስ ዝቅ አለና «ፖሌ ሳና፣ ማማ፤ ፖሌ» አላቸው፤ በስዋሂሊ አይዞዎት ማለቱ ነው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት።

ያን ጊዜ የሠርክ ስልክ ጮኸ። ሔኖክ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ የምሳውን ነገር ሊያለዝብ የደወለ። «ሠርክዬ...» ብሎ ጀመረና ጩኸቱ ጆሮው ገባ። «ምንድን ነው እሱ? እማዬ ናት? ማን ሞተ?»

«እኔ» አለች ሠርክ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት፣ ሔኖክ። እማዬ እያለቀሰችኝ ነው። ስማ።» ስልኩን ወደ እናቷ አቅጣጫ ያዘችው። ክንዷ እስኪዝል ያዘችው። ስታወርደው ሔኖክ መስመሩ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ነጠላዋን ከመንጠቆው አወረደች፤ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁን አልተገፈተረችም። ለቅሶ ደራሽ አይገፈተርም። ሲስተር ጥሩወርቅ ራሳቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ግጥም ያወርዳሉ፦

«ያኔም ቸኩላ ነው ያለ ቀኗ የመጣች፣
ዛሬም ቸኩላ ነው ሳትነግረኝ የወጣች።»

ሠርክ ጠየቀች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው። «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች፣ ሲስተር?»

እናቷም ነገሯት። ልጅቱ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፤ ቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጸሎት ሲደረስ። ሐኪሙ አይቷት «አትደክሚ፣ ይህቺ አትሆንም» አላቸው። እሳቸው የስንቱን ሴት ልጅ ሲቀበሉ ኖረው ለራሳቸው ሲደርስ አትሆንም ተባሉ። ያን ጊዜ ሙቀት የሚሰጥ ሣጥን አልነበረም፤ ቢኖርም ለእሳቸው አልደረሳቸውም። ገላዋን ከገላቸው አጋጥመው፣ በመቀነት ደረታቸው ላይ አሰሯት፤ እንደ ታሰረች በሉ፣ እንደ ታሰረች ተኙ፤ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ከደረታቸው አላወረዷትም። «ትንፋሿ እንዳይቆም እኔ እንቅልፍ አላየሁም» አሉ። «ከዚያ አደገች። ጎበዝ ነበረች። ከሁሉም አንደኛ ትወጣለች። እኔ ግን አንድ ቀን ጎበዝ ብያት አላውቅም።»

«ለምን?» አለች ሠርክ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ግን የተሰበረ ድምፅ ማንንም አይገርምም።

«ፈርቼ ነዋ» አሉ። «በስስት ካየኋት ትወሰድብኛለች ብዬ ፈራሁ። አትሆንም ብለውኝ የለ? ዕድሜዋን ሙሉ ዛሬ ትወሰድ ነገ ትወሰድ እያልኩ ፊቴን አዞርኩባት።» መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «ተወሰደችም።»

ዛራ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሠርክም አለቀሰች። ለእናቷ ይሁን ለራሷ፣ ለዚያች ደረት ላይ ለታሰረች ሕፃን ይሁን ወለል ላይ ለተቀመጠችው ሴት፣ መለየት አልቻለችም፤ ብቻ ለዓመታት ያላወጣችው ሁሉ ወጣ። እናቷም ተማሪዋ ይህን ያህል ማልቀሷ ልባቸውን ነካው መሰለኝ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። «አይዞሽ» አሏት። «አይዞሽ፤ የመጀመሪያሽ ነው። ሕፃን ሲሞት የመጀመሪያው ይከብዳል።»

ሔኖክ እያለከለከ ሲገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በመንገድ ላይ እየነዳ ሳለ የራሱን ነገር ለራሱ ያስረዳ ይመስል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሲስተር ጥሩወርቅ ቀና ብለው አዩት፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለዩ።

«ሔኖክ፣ ልጄ፣ መጣህ?» አሉ። «እህትህ አረፈች።»

«እማዬ...»

«አንተን አዝላ ያሳደገችህ እሷ ናት። እኔ አዳር ስሠራ ማን ያበላህ ነበር? በጀርባዋ ላይ ስታንቀላፋ እንዳትወድቅ ብላ ቆማ ታድር ነበር። እንደ ምስኪን ቀረች ልጄ። አንድ ነገር ሳታደርግላት ቀረህ፣ እኔም ሳላደርግላት ቀረሁ።»

ሔኖክ እንደ ቆመ ወደ እህቱ ዞረ። ሠርክ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከእናቱ ጎን ተቀምጣለች፤ ለራሷ ለቅሶ ተቀምጣለች። ወለሉ ላይ ወድቆ ግንባሩን እናቱ እግር ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ አስካሪው ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ።

ቆይቶ ሠርክን ተከትሎ ማድ ቤት ገባ። ሻማ በርቶ ነበር። ዕቃ ማጠቢያውን ተደግፎ ቆመ።

«የሊሙሩውን ነገር ተይው» አለ በመጨረሻ። «ከጄኔቫ እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። ግን ተይው። ከአንቺ ጋር ትሁን።»

«እዚያ መብራት ቢጠፋ ማን አብሯት ያለቅስ ነበር?» አለች ሠርክ። ሌላ ወቀሳ አልወጣትም። እሱም ውኃ ቀዳላት፤ ተቀብላው ጠጣች።

መብራቱ ሲመጣ ማቀዝቀዣው አጓራ፤ ሳሎኑም በአንዴ ወገግ አለ፤ ለቅሶ ላይ የነበሩት ሁሉ እንደ ተያዘ ሌባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሔኖክ ጡጦዋን አንሥቶ ለእህቱ አቀበላት። ሠርክ ይዛት ቆመች። ይህቺን ጡጦ ካልሰካች እናቷ እስኪነጋ ስለ እሷ ያወራሉ፤ ሰምታ የማታውቀውን ሁሉ ትሰማለች፤ ምናልባት ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ዓይናቸው ተገልጦ ያዩዋት ይሆናል። ከሰካቻት ያ ሁሉ ያበቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማልቀሳቸውንም አያስታውሱትም። ወደ እናቷ ተመለከተች። አሮጊቷ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ደረታቸው ከመመታት ብዛት ቀልቶ፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ያለቅሳሉ። ሠርክ ሄዳ ፎጣውን ገለጠች፤ ጡጦዋን አፏ ውስጥ አደረገች፤ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ሰካች።

ጥቂት ቆይቶ ጠጉራሟ ነገር ንዝር አለች፤ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ ሁለተኛውን ገለጠች፤ «እኝ» አለች። «እስትንፋስ አለ!» ብለው ሲስተር ጥሩወርቅ እንደ ወጣት ተነሡ። አነሷት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጓት፣ አሸተቷት። እያለቀሱ ሳቁ። «አላልኩም? ትተርፋለች አላልኩም?» ዛራ ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ገብቷት ቆይታ፣ በመጨረሻ እያለቀሰች እልል አለች።

ሠርክ ነጠላዋን አስተካክላ ልትለብስ ብድግ ስትል እናቷ አዩዋት። ፊታቸው ለስልሶ ነበር፤ ሥራዋን በወጉ የጨረሰች ተማሪን ያየ አስተማሪ ፊት ነበር።

«ተማሪ፣ ዛሬ ጎበዝ ነበርሽ» አሉ። «ተረኛነትሽ አልቋል። እናት አለችሽ?»

ሔኖክ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አለችኝ፣ ሲስተር።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? መሽቷል እኮ። እናት ልጇ ስትዘገይባት ምን እንደምትሆን አንቺ ገና አልወለድሽም፣ አታውቂውም። ይሄኔ በር በሩን እያየች ነው። በይ ሂጂ።»

«እሺ» አለች ሠርክ። እናታቸው እስኪተኙ ድረስ ዛራ ዘንድ እንደምትቀመጥ ለሔኖክ በዓይኗ ነገረችው፤ ጫማዋን አጠለቀች። በሩ ላይ ስትደርስ እናቷ እንደገና ጠሯት።

«ደግሞ ሰላም በያት፤ ጥሩ ልጅ አሳድገሻል ብላሻለች ሲስተር ጥሩወርቅ በያት።»

«እነግራታለሁ» አለች ሠርክ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ከውጭ ዘጋችው።